የኦጊማቺ እሳት ጠባቂዎች

በሣር ክዳን ቤት ያደገ ሰው አንዲት ፍንጣሪ ምን እንደምታደርስ ያውቃል። በጃፓን የሺራካዋ ተራሮች መካከል ያለችውን ኦጊማቺን ሳስብ ልቤ በአክብሮት የሚሞላው ለዚህ ነው። የቤቶቿ ወፋፍራም የሣር ጣሪያዎች ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች ይመስላሉ፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከእሳት የሚጠብቋቸው የመንደሩ ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው።

ተራ የደረሰው ሰው በየዕለቱ ሁለት እንጨት እያጋጨ፣ «እሳት ተጠንቀቁ!» እያለ በየቤቱ ደጅ ያልፋል። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! ምንም ሳይቃጠል፣ ማንም ሳያመሰግን፣ በበረዶም ቢሆን።

በመከር ደግሞ ትልቁ ልምምድ አለ። በበጎ ፈቃደኛው የእሳት አደጋ ቡድን መሪነት 59 የውሃ መድፎች በአንድነት ይከፈታሉ፤ ውሃው ከጣሪያዎቹ በላይ ተወርውሮ መንደሩን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። ከመድፎቹ ብዙዎቹ ቤቶቹን በሚመስሉ ትንንሽ ጎጆዎች ውስጥ ተሸሽገው ነው የሚኖሩት፤ ይህ ጥንቃቄ በጣም ደስ ይለኛል።

አንድ ጣሪያ ሲያረጅ መንደርተኛው ተጠራርቶ ያድሰዋል፤ ልማዱን «ዩኢ» ይሉታል፤ የእኛው ወንፈል ማለት ነው። ቤቶቹ ቢቃጠሉ አብሮ የሚጠፋው ይህ ነው፦ ሣሩን የሚያጭደው፣ ገመዱን የሚቋጥረው፣ ጣሪያው ላይ ከጎረቤቱ ጎን ተደርድሮ የሚከድነው እጅ። ዛሬ ማታም አንድ ሰው እንጨቶቹን ይዞ ይወጣል።