ባለቀንዱ የራስ ቁር

በመድረክ ላይ የታየ ልብስ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1876 የሪቻርድ ዋግነር የሙዚቃ ድራማ «የኒበሉንግ ቀለበት» በጀርመን አገር በባይሮይት ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሲቀርብ፣ የአልባሳቱ ነዳፊ ካርል ኤሚል ዶፕለር ለአንዳንድ ገጸ ባሕርያት ባለቀንድ የራስ ቁር ሰጣቸው። ሠዓሊውና የፊልም ባለሙያው ተቀባብለው አስፋፉት፤ ቫይኪንጎችን አያቶቼ የሚል ሰውም ቀንዱን እንደ ቅርስ ታቀፈው። በ1943 በኖርዌይ፣ በየርሙንቡ እርሻ የተገኘው የ10ኛው መቶ ዓመት የራስ ቁር ግን አንዳች ቀንድ የለውም።

ከቀንዱ የከፋው የደም ተረት ነው። ናዚዎች ቫይኪንግን የ«ንጹሕ ዘር» አርማ አድርገው አንድ የኤስ ኤስ ክፍለ ጦር በስሙ ሰየሙ። በ2020 የታተመው የ442 ጥንታውያን ሰዎች የዘረ መል ጥናት ይህን ተረት ያፈርሰዋል። በኦርክኒ ደሴቶች በቫይኪንግ ሥርዓት ከነሰይፋቸው የተቀበሩ ሰዎች በትውልዳቸው የስኮትላንድ ነባር ሕዝብ ልጆች ሆነው ተገኝተዋል። ቫይኪንግነት እንግዲህ የባሕር ጉዞ፣ የንግድና የዘረፋ ኑሮ ነበር፤ ሌላውም ገብቶበታል።

ዶፕለር ለተውኔት ልብስ ሠራ፤ በዚህ አይወቀስም። የሚወቀሰው ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ልብሱን ሳያወልቅ ወደ ታሪክ የገባው ነው። ቅርስ ለሚፈልግ በ1904 ከመቃብር ጉብታ ተቆፍሮ የወጣው የኦሴበርግ መርከብ አለለት። በእንጨቱ ላይ የተቀረጹት እርስ በርስ የተጠላለፉ አራዊት የጠራቢውን እጅ ይመሰክራሉ፤ የማንንም ዘር አይቆጥሩም።