በጣት የሚነበብ ሙዳይ

ሙዳዮቹ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከጭብጥ ብዙም አይበልጡም። ያየኋቸው ሮብ ገበያ ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወጣው ደጋ፣ ዓይናቸው የጠፋ አንዲት እናት ቤት። መደቡ ላይ፣ ከራስጌያቸው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ የደም ግፊት መድኃኒት ይይዛል። የሰፋቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት። አለላ አልገባባቸውም። ቀለም ለሚያይ ነው ብላ ትታው፣ ልፋቷን ሁሉ በዳሰሳው ላይ አውላዋለች።

የጠዋቱ ክዳን ልስልስ ነው። ስንደዶው ጠበቅ ተደርጎ፣ አንዱ ጥምጥም ሌላውን ሳይረግጥ ስለተጠቀለለ ጣት ከጫፍ እስከ መሃል ያለ እንቅፋት ይዞራል። በማታው ክዳን ጠርዝ ላይ ግን በየተወሰነ ርቀቱ ስንደዶውን ደርባ ጠቅልላለች። እብጠቱ የምስር ክክ ባያህልም አውራ ጣት አይስተውም። እኔን የገረመኝ እኩልነቱ ነው፤ አንዱ እብጠት ከሌላው አይጎላም፣ ወስፌው የገባበትም አይታወቅም። ክዳኑ ሲገጠም ትንሽ ይይዛል፤ ሙዳዩ በክንድ ተመትቶ ቢገለበጥ እንኳ አይከፈትም። «እማማ፣ ሻካራው የማታ ነው» ብላ የነገረቻቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው አሉ። ራሳቸው በጉብዝናቸው ሰፌድና አገልግል የሰፉ ሴት ስለሆኑ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

እንዲህ ያለው የጣት እውቀት ለአገሩ ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። ባለ 41ም ሆነ ባለ 64 ፍሬ መቁጠሪያ ይዞ የሚጸልይ አረጋዊ፣ ጨለማም ቢሆን የት ላይ እንደደረሰ የሚነግረው ጣቱ ነው።

ስለ ጣት ከተነሳ የአውሮፓውን ሥራም ማድነቅ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ የመድኃኒት ስም በማሸጊያው ላይ በብሬል እንዲታተም አዘዘ። በኅብረቱ አገሮች በሚሸጥ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ጣትዎን ቢያሳልፉ የነጥቦቹን ረድፍ ያገኙታል። ከፍታቸው ወደ 0.2 ሚሊሜትር፣ በአንድ ፊደል ውስጥ ያለው የሁለት ነጥቦች ርቀት 2.5 ሚሊሜትር ነው። ወረቀቱ ሳይቀደድ፣ የታተመውም ጽሑፍ ሳይበላሽ ነጥቡን አሳብጦ ማውጣት ቀላል ሙያ አይደለም። ግን ነጥቡ የሚናገረው ስሙን ነው፤ መቼና ስንት እንደሚዋጥ አይናገርም። ደግሞም ብዙውን ጊዜ የሚወክለው የላቲን ፊደልን ነው። በስተርጅና ዓይኑ የጠፋ፣ ብሬል ያልተማረ ሰው ነጥቡን ቢዳስሰውም አያነበውም። ካርቶኑስ መቼ ገጠር ይደርሳል? ለበሽተኛው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ የወጣ፣ በመቀስ የተቆረጠ የክኒን ስትሪፕ ነው።

መቀሱም ታዲያ ሙያ አለው። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን በብዙ ስትሪፖች ላይ በአንደኛው ጫፍ ብቻ ተመትቷል። የቸኮለ ሰው ያንኑ ጫፍ ቀድሞ ይቆርጥና ለአንዱ ሰጥቶ የቀረውን ቀን አልባ ያደርገዋል። ጥንቁቁ ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል። ቀጥሎ ሹሉን ማዕዘን ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ፎይል ጣት ይቧጥጣል፣ የቧጠጠውን ደግሞ አረጋዊ ደጋግሞ አይነካውም። ሙዳዩ ውስጥ ያሉት ስትሪፖች እንዲህ የተቆረጡ ናቸው። በዚያ ላይ በጠዋቱ ስትሪፕ ጠርዝ ላይ አንድ፣ በማታው ላይ ሁለት ትንንሽ ንክሻ አለ፤ መቀሱ ክኒኑ የተቀመጠበትን ጉድጓድ ሳይነካ ባዶውን ጠርዝ ብቻ ነክሶታል። ሙዳዮቹ እንኳ ቢቀያየሩ ስትሪፑ ራሱ ይመሰክራል።

ልጅቱ ክኒኖቹን ከስትሪፑ ፈልፍላ አልጨመረችም፤ ይህም ከስፌቷ ባልተናነሰ ያስመሰግናታል። ስትሪፑ ክኒኑን ከእርጥበትና ከብርሃን ይጠብቀዋል፣ በደጋ ቤት ደግሞ እርጥበቱ አይጠፋም። ብዙዎቹ የደም ግፊት ክኒኖች ትንንሽና ክብ ስለሆኑ አንዴ ከተቀላቀሉ ማንም ጣት አይለያቸውም። ሙዳዩ አንድ ጉድለት አለው፦ ለሕፃን እጅም ይከፈታል። መደብ ላይ ከሚቀመጥ፣ አረጋዊቷ ቆመው የሚደርሱበት፣ ሕፃን የማይደርስበት መደርደሪያ ቢሠራለት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት እንደሆነ አሳይቷል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ስለዚህ ስፌቱን ከማሰብ በፊት አረጋዊው በዓይን ሐኪም ይታይ። በግላኮማ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም። በግላኮማ እይታው የቀነሰ ሰው የቀረውን ለማቆየት የዓይን ጠብታ ዕድሜ ልኩን ሊጠቀም ይችላል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘለት በአንደኛው ጠርሙስ አንገት ላይ ክር ይታሰርለት፤ በሁለቱ ጠብታዎች መሃልም አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቅ።

የመድኃኒት ባለሙያ የሆናችሁ፣ መቀሱን ስታነሱ ቀኑ ከታተመበት ጫፍ አትጀምሩ። አረጋዊውንም ከመሸኘታችሁ በፊት ስትሪፑን በእጃቸው አስይዛችሁ «አባባ፣ የማታው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ በጣታቸው ለይተው ካላሳዩአችሁ ገና አልጨረሳችሁም።