አንድ ኪቦርድ ለብዙ ኮምፒዩተር፤ ስለ ማቀያየሪያው የቀረበ ሒስ

በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ኮምፒዩተሮች ተደርድረው፥ ኪቦርዱና ማውሱ ግን አንድ ብቻ ሆኖ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን የሚያደርገው ኬቪኤም ስዊች የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው። ስሙም ኪቦርድ፥ ቪዲዮና ማውስ ከሚሉት ሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ሻጮች ስለዚህ ዕቃ ሲናገሩ የሚያነሡት የቀዳዳውን ብዛት፥ የሥዕሉን ጥራትና ዋጋውን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሣጥኑ «አንድ አደረግሁት» የሚለው ነገር በእርግጥ አንድ ሆኗልን? የሚል ነው። በበኩሌ አንድ የሆነው የጸሐፊው እጅ ያረፈበት ስፍራ ብቻ ይመስለኛል። ፊደሉም፥ ቋንቋውም፥ «አሁን የሚሰማኝ የትኛው ነው?» የሚለውም ነገር እንደ ተለያየ ቀርቷል። ይህን ጉድለት ከሁሉ ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ በላቲን ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው ሳይሆን፥ እንደ እኛ በሁለት ፊደል የሚጽፍ ሰው ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድመን የጽሕፈት መኪናን እናስብ። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ባዘጋጁት የጽሕፈት መኪና ፊደሉ ከብረቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቁልፉን የመታ ሰው ብረቱን አነሣ፥ ብረቱም ወረቀቱ ላይ አረፈ። (በተማርሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ነበር፤ ማንም ሳያስተምረው ቁልፉን የነካ ልጅ ሁሉ ምክንያቱንና ውጤቱን በዓይኑ ያይ ነበር።) የኮምፒዩተር ኪቦርድ ግን ፊደል የለውም። በላዩ የታተመው ምልክት ለእኛ ዓይን እንጂ ለመኪናው አይደለም። የዩኤስቢ ኪቦርድ በቀላል አሠራሩ የሚልከው 8 ባይት የሆነች አጭር መልእክት ነው። የመጀመሪያዋ ባይት ሺፍት፥ ኮንትሮልና የመሳሰሉት መያዝ አለመያዛቸውን ትናገራለች፤ ሁለተኛዪቱ ትታለፋለች፤ የቀሩት 6ቱ የተነኩትን ቁልፎች ቁጥር ይይዛሉ። የላቲኑ «ኤ» የታተመበት ቁልፍ ቁጥሩ 4 ነው። ይህ 4 ቁጥር የላቲኑ «ኤ» ይሁን የእኛ «አ» ይሁን፥ ኪቦርዱ አያውቅም፤ የሚፈርደው ኮምፒዩተሩ ነው።

አማርኛ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ከ300 ለሚበልጡ ምልክቶች የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ኪቦርዱ ላይ ያሉት ቁልፎች ግን መቶ ያህል ናቸው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ፊደል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ ተነባቢው፥ ቀጥሎም አናባቢው ይመታል። ተነባቢው መመታቱን አስታውሶ ከአናባቢው ጋር የሚያጋባው ፕሮግራም የሚኖረው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። በኪቦርዱ ውስጥ የለም፤ በማቀያየሪያው ሣጥን ውስጥማ ከቶ የለም።

እንግዲህ አንዱ ኮምፒዩተር ኪማን በሚባለው ፕሮግራም አማርኛ ይጽፋል እንበል፤ ሁለተኛው ከ2007ቱ ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው የአማርኛ አጻጻፍ ይሠራል። የሁለቱ ሕግ አንድ አይደለም። የሣጥኑን ቁልፍ ተጭኖ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ጣቶቹ የለመዱትን ሕግ ይዞ ይሄዳል፤ በማዶ የሚጠብቀው ሌላ ሕግ ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ቢጫን እንኳ፥ አንዱ አማርኛ ላይ ቆሞ ሌላው እንግሊዝኛ ላይ ሊቆም ይችላል። ውጤቱ የተበላሸ ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ስቆ ያልፈው ነበር፤ የምሥጢር ቃል ሲጻፍ ግን ስክሪኑ ነጠብጣብ ብቻ ስለሚያሳይ የተመታው ፊደል የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። ሰውዬው ትክክለኛውን ቃል ደጋግሞ ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም ደጋግሞ ይከለክለዋል፤ በመጨረሻም ይዘጋበታል።

ከዚህ የከፋም አለ። በአንድ የሬጅስትራር ቢሮ የተማሪዎች ውጤት የሚመዘገብበት፥ ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘ አንድ ኮምፒዩተር አለ እንበል፤ ለኢሜይል የሚያገለግል ሁለተኛ ኮምፒዩተርም ከጎኑ አለ። ጸሐፊዋ ስክሪኗን ወደ ሁለተኛው አዙራ መልእክት ስታነብ ትቆይና ወደ መጀመሪያው የተመለሰች መስሏት የመዝገቡን የምሥጢር ቃል ትጽፋለች፤ ቃሉም በግልጽ ፊደል በደብዳቤው ውስጥ ይወርዳል። ብዙዎቹ ሣጥኖች ማን እየሰማ እንደ ሆነ የሚናገሩት በግንባራቸው ላይ ባለች ትንሽ መብራት ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከስክሪኑ ኋላ ወይም ከጠረጴዛው በታች፥ ገመዶቹ እንዳይታዩ በተደበቁበት ነው። ዓይንና እጅ በማይደርሱበት ቦታ የተቀመጠ ምልክት እንደሌለ ይቆጠራል።

ለሠሪዎቹ ፍርድ እንስጥ፤ የፈቱት ችግር ቀላል አልነበረም። በ1987 ከአይቢኤም ፒኤስ/2 ኮምፒዩተሮች ጋር የመጣው ክብ መሰኪያ ኮምፒዩተሩ በርቶ ሳለ እንዲነቀልና እንዲሰካ የታሰበ አልነበረም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ኪቦርድ ካላገኘ ብዙ ጊዜ አቤቱታውን ጽፎ ይቆም ነበር፤ «ኪቦርድ የለም፤ ለመቀጠል ኤፍ1ን ተጫን» የሚለው ቀልድ የተወለደውም ከዚህ ነው። ስለዚህ ማቀያየሪያው እጅ ላልደረሰባቸው ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሌለውን ኪቦርድ ሆኖ መመለስ ነበረበት። በ1996 ዩኤስቢ ሲመጣ እየነቀሉ መሰካት ተፈቀደ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት ሣጥን ተገኘ። ርካሹ ገመዱን ከአንዱ ቆርጦ ለሌላው ይቀጥላል፤ ኮምፒዩተሩም ኪቦርዱን እንደ አዲስ እንግዳ ተቀብሎ ስሙን እስኪጠይቀው ድረስ ጥቂት ያስጠብቃል። ውዱ ደግሞ በማስመሰል ሥራው ይቀጥላል፤ ፈጣን ነው፥ ነገር ግን የሚያስመስለው ተራ ኪቦርድን ስለ ሆነ የድምፅ መቀነሻና የመሳሰሉት ተጨማሪ ቁልፎች ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። በስክሪኑም በኩል እንዲሁ ነው። ስክሪኑ ስለ ራሱ የሚሰጠው 128 ባይት መግለጫ አለ፤ ሣጥኑ ይህን ይዞ ካላቆየ ኮምፒዩተሩ «ስክሪኔ ጠፋ» ብሎ የተከፈቱትን መስኮቶች ያዘበራርቃል። ገዢ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው እንጂ የቀዳዳ ብዛት አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ብልሃት የዋለው ኮምፒዩተሩን ለማታለል ነው፤ ለሰውዬው እውነቱን ለመንገር የዋለው እጅግ ጥቂት ነው። ለምሳሌ በብዙ ሣጥኖች ላይ ለመሻገር ስክሮል ሎክ የሚባለውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ መምታት ይበቃል። ዛሬ ብዙ ኪቦርዶች ይህ ቁልፍ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ ጣት በስሕተት አሻግሯቸው ሊሄድ ይችላል። ምሥጢር የሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶች ይህን ዐውቀውታል። ናያፕ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት አካል በ2015 ባወጣው ደንብ መሠረት፥ ለምሥጢር ሥራ የሚፈቀድ ማቀያየሪያ በኪቦርድ ቁልፍ ጥሪ መሻገር አይችልም። መልእክቱም ከኪቦርድ ወደ ኮምፒዩተር ብቻ እንጂ ወደ ኋላ መሄድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በእነዚህ ሣጥኖች ላይ የካፕስ ሎክ መብራት እንኳ አትበራም፤ ያችን መብራት የሚያዘው ኮምፒዩተሩ ስለ ሆነ በእርሷ በኩል ምሥጢር ሊሾልክ ይችላልና።

ሣጥን ሳይገዙ በፕሮግራም ብቻ ይህንኑ መሥራት የሚቻልበትም መንገድ አለ። ሲነርጂ በ2001፥ የማይክሮሶፍት ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ በ2011፥ የአፕል ዩኒቨርሳል ኮንትሮል በ2022 ወጥተዋል። እነዚህ ስክሪኖቹን እንደ ጎረቤት ማሳ ያያይዟቸዋል፤ ቀስቱ ከአንዱ ዳር ሲወጣ በሌላው ዳር ይገባል። በአንድ ነገር ከሣጥኑ ይበልጣሉ፤ ቀስቱ ያለበት ስክሪን የሚሰማው መሆኑን ዓይን ያያል። በሌላ በኩል ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ተነሥተው በአንድ ኔትዎርክ ላይ መገኘት አለባቸው፤ ገና በመነሣት ላይ ያለን ወይም የታመመን ኮምፒዩተር በእነርሱ ማዘዝ አይቻልም። ሲነርጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመታውን ቁልፍ ሁሉ ሳይመሰጥር በኔትዎርኩ ላይ ይልክ እንደ ነበርም መዘንጋት አይገባም። በፊደል በኩልም ቢሆን እፎይታ አይሰጡም፤ አማርኛውን የሚያጋባው ፕሮግራም ዞሮ ዞሮ በየኮምፒዩተሩ ለየብቻ ይቀመጣል።

ታዲያ ማቀያየሪያ የሚተክል ሰው ምን ያድርግ? ገመዱን ከመሰካት በፊት በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዓይነት የአማርኛ መጻፊያ ይጫን፤ መነሻውም በሁሉም ላቲን ይሁን። የየስክሪኑ መደብ በቀለም ይለይ፤ የመዝገቡ ቀይ፥ የኢሜይሉ አረንጓዴ ቢሆን ሣጥኑ የደበቀውን ስክሪኑ ይናገራል። ሣጥኑ ከስክሪኑ ፊት ይቀመጥ፤ ገመዱ ቢያስጠላም።

ከዚህ ያለፈው ሥራ የተማሪ እጅ የሚችለው ይመስለኛል። በ2021 በ4 ዶላር ለሽያጭ የቀረበው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ራሱን ለኮምፒዩተር እንደ ኪቦርድ ማቅረብ ይችላል። ዊንዶውስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን የቁልፍ ጥምር መመደብን ይፈቅዳል። እንግዲህ ሰውዬው በተሻገረ ቁጥር ያንን ጥምር በራሱ መትቶ ማዶውን ወደ ላቲን የሚመልስ ማቀያየሪያ መሥራት አስቸጋሪ አይደለም። የሚያስቸግረው የተገላቢጦሹ ነው፤ ማዶ ያለው ኮምፒዩተር አማርኛ ላይ መሆኑን ለኪቦርዱ እንዴት ይንገረው? የዩኤስቢ ደንብ ኮምፒዩተሩ ለኪቦርድ ስለ አምስት መብራቶች እንዲናገር ይፈቅዳል፤ እነርሱም ነም ሎክ፥ ካፕስ ሎክ፥ ስክሮል ሎክ፥ ኮምፖዝና ካና ናቸው። ካና የጃፓኖች ፊደል ነው። ለእነርሱ ጽሑፍ መብራት ተመድቦለታል፤ ከጃፓን ውጭ በሚሸጡት ኪቦርዶች ላይ ግን አምስተኛው መብራት ብዙውን ጊዜ የለም፤ መልእክቱም ቢላክ የሚቀበለው አያገኝም። አማርኛ ሲከፈት ይህን መልእክት የሚልክ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ፥ ተቀብሎም አንዲት አምፖል የሚያበራ ሰሌዳ በማቀያየሪያው ውስጥ ቢገኝ፥ ጸሐፊዋ የምሥጢር ቃሏን ከመጻፏ በፊት ወደ እጇ ብትመለከት ይበቃታል።