«ረባሽ» የተባለው ልጅና የዲሲፕሊን መጽሐፉ

በዚህ እትም የምንመለከተው ለአስተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ አንድ መጽሐፍ ነው። የዩኔስኮ የባንኮክ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ሲሆን፣ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አዎንታዊ ዲሲፕሊን፣ ሁሉን አቃፊና ለመማር በሚመች ክፍል ውስጥ» እንደ ማለት ነው። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ማንበብ ለሚችል ሁሉ እንመክራለን። ነገር ግን የጎደለው አለ፤ ጉድለቱ ደግሞ በእኛ ዓይነት ትምህርት ቤት ልጅን ያስከፍላል።

በመጀመሪያ ጥሩውን እንናገር። መጽሐፉ ዲሲፕሊንና ቅጣት አንድ አይደሉም ይላል። ቅጣት ልጁ ያጠፋውን ያስታውሰዋል፤ ዲሲፕሊን ግን ምን ማድረግ እንደነበረበት ያስተምረዋል። ብዙዎቻችን በአርጩሜና በማንበርከክ ተምረን ያደግን ነን። «እኛስ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» የሚለውን ወሬ በመምህራን ክፍል ያልሰማ የለም። መጽሐፉ ለዚህ መልስ አለው፤ ልጁ አስተማሪው ሲያየው ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ የተማረው መፍራትን እንጂ ሥነ ሥርዓትን አይደለም። አንድ ጊዜ ለወቀስከው ልጅ አራት ጊዜ ደግ ሲሠራ አግኝተህ አመስግነው የሚለው ምክሩም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍልም ይሠራል።

ታዲያ ምን ጎደለ? መጽሐፉ የሚናገረው ከአስተማሪው ጋር ነው፤ ትኩረቱም ክፍሉ ውስጥ ነው። የአንድ ልጅ ዕጣ የሚወሰነው ግን ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ፣ ስም ጠሪው መምህርና ኮሚቴው ተቀምጠው «ይህ ልጅ ይባረር» ሲባል፣ በዚያች ሰዓት አስተማሪው የያዘው መልካም ጠባይና ጥሩ ዘዴ ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም። ዘዴ አስተማሪው ሲደክመው ይቀራል። መብት ግን አስተማሪው ቢደክመውም ይቆማል፣ መቆምም አለበት።

ካርቱም ጀብራ ውስጥ ከጦርነቱ በፊት የምናውቀውን አንድ ነገር እንጥቀስ፤ ትምህርት ቤቱን አንጠራም። አንድ ልጅ ነበረ፣ ጆሮው በደንብ አይሰማም። የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ሲጠሩት ዝም ይላል፣ ደወል ሲደወል አይነሳም፣ ሲስቁበት ይማታል። በመዝገቡ ላይ የተጻፈለት ግን «አይታዘዝም፣ ይደባደባል» የሚል ነው። ሦስት ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። እናቱ ቀን ሙሉ ሻይ ስትሸጥ የምትውል ናት፤ ተጠርታ መጣች፣ ወረቀት ተሰጣት፣ ሳይነበብላት ፈረመች። በቃ፣ ተባረረ። በዚያ ሁሉ ሂደት «ለመሆኑ ይህ ልጅ ይሰማል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ ከኋላው ቆሞ ስሙን መጥራት ለመጀመሪያ ጥርጣሬ ይበቃል።

ጀብራ ለኖረ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። የተባረረ ልጅ ቤቱ ሰው አይጠብቀውም። እናት ሥራ ላይ ናት፣ አባት ወይ የለም ወይ ሩቅ ነው። ልጁ መንገድ ላይ ይውላል፤ ፖሊስ ሐበሻን ከየመንገዱ ሲያፍስ ስሙንና ቤቱን መናገር ላልቻለ ልጅ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ የጀብራ ሰው ተበትኖ ብዙ ልጅ በየካምፑ ከዜሮ ጀምሯል። «ረባሽ» የሚለው ስም ግን ወረቀት ሳይኖረውም ከልጁ ጋር ይሰደዳል።

ይህ የድሀ ሰፈር ችግር ብቻ ነው እንዳይባል አዲስ አበባን እንይ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው በወጣትነታቸው ከአገር ተሰደው በጣሊያን በኩል አሜሪካ የኖሩ ናቸው። አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን በጠባዩ ምክንያት ትምህርት ቤቶች አንቀበልም እያሉ መለሱባቸው። ገንዘብ ነበራቸው፣ የሚናገር አንደበትም ነበራቸው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስም ለእነዚህ ልጆች ሲሟገቱ ኖሩ። እናመሰግናቸዋለን። ግን እንጠይቅ፤ ልጅ እንዳይባረር እናት ሁሉ ትምህርት ቤት መክፈት አለባት እንዴ? ሻይ የምትሸጠዋስ?

መጽሐፉ የጎደለውን ነገር ሌላ ቦታ እናገኘዋለን። በአሜሪካ አገር የአካል ጉዳተኛ ልጆችን ትምህርት የሚመለከተው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ሆኒግ በዶ ላይ» በተባለው ክስ፣ ትምህርት ቤት ከጉዳቱ በመጣ ጠባይ ምክንያት ልጁን በራሱ ሥልጣን ብቻ ማባረር አይችልም ብሎ ወሰነ። ዛሬ ባለው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለውን ልጅ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ለማገድ ሲታሰብ ወላጅና ትምህርት ቤት አብረው ተቀምጠው ሁለት ጥያቄ መመለስ አለባቸው። አንደኛ፣ ጥፋቱ ከልጁ ጉዳት የመጣ ወይስ ከእሱ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው? ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የመጣው ትምህርት ቤቱ ለልጁ ሊያደርግ የተስማማውን ባለማድረጉ ነው? ከሁለቱ ለአንዱ መልሱ አዎ ከሆነ፣ በመሠረቱ ልጁ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ ለጠባዩም እቅድ ይወጣለታል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ልብ በሉ። እስከዛሬ ተጠያቂው ልጁ ብቻ ነበር፤ ይህ ጥያቄ ትምህርት ቤቱንም ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። የማይሰማን ልጅ ከኋላ ያስቀመጠው ማነው?

«የሌሎቹስ ልጆች ደኅንነት?» የሚል አስተማሪ ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የአሜሪካው ሕግም ዝም ብላችሁ ተመቱ አይልም። ልጁ መሣሪያ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ይዞ ቢገኝ፣ ወይም በሰው ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ቢያደርስ፣ እስከ 45 የትምህርት ቀን ሌላ ቦታ እንዲማር ይፈቅዳል። ቃሉን አስተውሉ፤ ሌላ ቦታ እንዲማር ነው የሚለው፣ መንገድ ላይ እንዲውል አይደለም።

«ያ የአሜሪካ ነው፣ እኛ ምን ሕግ አለን?» ለሚል ደግሞ መልስ አለ። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብለውታል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል፤ ሱዳን በ2009፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀውታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ስለዚህ የጎደለን ሕግ ሳይሆን፣ ሕጉን ቢሮ ውስጥ የሚያስገባ ሥርዓት ነው።

እኛ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። መጽሐፉን አንብቡት፣ በክፍላችሁም ሥሩበት። ለደንባችሁ ግን አንድ ገጽ ጨምሩበት። ማንኛውም ልጅ ከመታገዱ በፊት ማየቱ፣ መስማቱና መረዳቱ ይጣራ። ሁለቱ ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ። ወላጅ በምትሰማው ቋንቋ ይነበብላት፤ የምታምነውን ሰው ይዛ ትግባ። ልጁም በንግግር ካልቻለ በምልክት ወይም በሥዕል ይጠየቅ። የታገደ ልጅ ደብተሩ ቤቱ ድረስ ይላክለት፣ የሚመለስበትም ቀን ይጻፍ።

ይህ ሁሉ አንድ ወረቀትና የአንድ ሰዓት ስብሰባ ነው። ተማሪዎችም ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ከኋላ ብቻውን የተቀመጠውን ልጅ እናንተ ከእኛ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ንገሩን።