ከቁራጭ ነሐስ ሞተር

ትንንሽ ሞተር መሥራት ለሚያምረው የወላይታ ሶዶ ወጣት የምመርጥለት መጽሐፍ የኤልመር ቨርበርግ «ኤልመርስ ኤንጂንስ» ነው። የዚህ ዓይነት መጻሕፍት በውጭ ሞልተዋል፤ አያሌዎቹ ግን ቀልጦ በቅርጽ የወጣ ብረት ከሻጭ አስመጣ ይላሉ። ሶዶ ላይ ይሄ ዘበት ነው። ኤልመር የሚነሳው ከተራ የነሐስና የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው፤ ከቶርኖ ቤት ጥግ ከማይጠፋው።

በተለይ ተወዛዋዥ ሲሊንደር ያለውን የእንፋሎት ሞተር ተመልከቱ። ቫልቭ የለውም። ኮሎው (ክራንክ ሻፍቱ) ሲዞር ሲሊንደሩ ራሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጎኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ አንዴ ከመግቢያው፣ አንዴ ከመውጫው ትገጥማለች። እንፋሎት ባይኖር የጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ያዞረዋል። ልኩ በኢንች መሆኑ ያናድዳል፤ በ25.4 እያባዙ ወደ ሚሊሜትር መቀየር ግድ ነው። ሥዕሉ ግን ጥርት ያለ፣ ወሬው አጭር ስለሆነ እንግሊዝኛ የሚከብደውንም አያስቸግርም።