ስለ «ጦቢያ» መጽሐፍና ስለ ነጋዴው ቸርነት

ባለፈው ክረምት እዚህ በሳቢያን ከጥቂት ወጣቶች ጋራ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን መጽሐፍ አነበብን። በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ የታተመው ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ ደራሲው «ልብ ወለድ ታሪክ» ቢሉትም ኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። ንባቡን ስንፈጽም አንዱ ወጣት፥ «ነጋዴው ገንዘቡን ከመጣል በቀር ምን አተረፈ?» ሲል ጠየቀ። በጊዜው ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ውሎ ሲያድር ግን የመጽሐፉ ቁም ነገር ያለው እዚሁ ላይ መሆኑን አስተዋልሁ።

አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ድል ሆኖ ይማረካል። ዘመዱም ወዳጁም ያልሆነ ነጋዴ አይቶት ያዝንና ከራሱ ገንዘብ ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። እንግዲህ ጸጋ ማለት ይህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ጸጋን ከደመወዝ የለየው፥ ደመወዝ ለሠራ የሚከፈል ዕዳ ስለሆነ ነው፤ ምርኮኛው ግን ለነጋዴው አንዳች አልሠራለትም። እኛ ከገዛ መሬታችን የሚወጣውን ውሃ እንኳ በቆጣሪ ለክተን የምንከፍል የሳቢያን ሰዎች ነንና፥ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር ቢያጠራጥረን አይገርምም።

የአለቃው ልጅ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድም ተይዞ ባሪያ ይሆናል። በዚህ ላይ ደራሲውን እነቅፋለሁ። ዋሕድን ያስወጣው ፍቅር ነው ወይስ የዕዳ ጭንቀት? ደራሲው ሁለቱን አልለዩልንም። ያመሰገነ ሰው ሁሉ ዕዳ ከፋይ አይደለም፤ ዕዳ የከፈለም ሁሉ አመስጋኝ አይደለም። ጦቢያ ግን የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋራ ወንድምዋን ፍለጋ ስትዞር የማንም ብድር የለባትም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የእስዋ መንገድ ልብ ይነካል።

በመጨረሻው አረማዊው ንጉሥ ክርስቲያን ሆኖ ጦቢያን ያገባል። ደራሲው እዚህ ላይ ቸኮሉ። ስለ ቆንጆ ልጅ ሲባል የተለወጠ ሃይማኖት ከሠርጉ ማግሥት ምን ይሆናል? ይሁን እንጂ ንጉሡ ገና ሳይጠመቅ ለጦቢያና ለአባትዋ ራርቶላቸው ነበር። ፍቅሩ እምነቱን ቀድሞ መምጣቱን ልብ ያለ አንባቢ፥ ደራሲው ሳይሰብኩ ያስተማሩትን ያገኛል።

ስለ ቸር ነጋዴ የጻፉት አፈወርቅ ራሳቸው ኋላ የዚሁ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲወር ግን ከወራሪው ጋራ ወገኑ፤ ከነጻነትም በኋላ በጅማ በግዞት ሞቱ። ይህን ስነግራቸው አንዲት ልጅ ተቈጥታ መጽሐፉን ዘጋችው። አልፈረድሁባትም፤ እኔም በዕድሜዋ ሳለሁ እንዲሁ አድርጌ ነበር። ነገር ግን፥ «የነጋዴው ቸርነት በደራሲው ጥፋት ሐሰት ይሆናልን?» ብዬ ጠየቅኋት። እስዋም ዝም አለች። ያ አስቀድሞ «ምን አተረፈ?» ያለው ወጣት ግን፥ «ምርኮኛውም እኮ ይገባው እንደ ሆነ ማንም አልጠየቀም» አለና መጽሐፉን እንዳውሰው ለመነኝ። እስካሁን አልመለሰልኝም።