ጋዝ፣ ወንፊትና መጭመቅ፦ በአንድ የሞተር ብስክሌት መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በገጠር ለተሰማሩ ሠራተኞች የተዘጋጀ አንድ የሞተር ብስክሌት አያያዝ መመሪያ ወደ አማርኛ ተመልሶ በቅርቡ እጃችን ገብቷል። የተርጓሚውንም ሆነ የአሳታሚውን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ የምንመረምረው የቃላቱን አመራረጥ ነውና። መጽሐፉ በብዙ ቦታ ንጹሕ አማርኛ አለው። ይሁን እንጂ አየር ማጣሪያን ስለ ማጽዳትና ስለ መለወጥ የሚናገረው ምዕራፍ ሞተር የሚያበላሹ፣ አንዱማ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ግድፈቶችን ይዟል።

ከርእሱ እንነሣ። ተርጓሚው መኪናውን «የቆሻሻ ብስክሌት» ብሎታል። የእንግሊዝኛው ቃል እዚህ ላይ የሚያመለክተው አፈርን፣ ይኸውም አስፋልት ያልለበሰውን መንገድ ነው። «የጥርጊያ መንገድ ሞተር ብስክሌት» ቢባል ኖሮ ማንም ይረዳው ነበር። ይህ ግን ከማሣቅ አልፎ የሚያደርሰው ጉዳት የለም።

ጉዳት ያለው «ጋዝ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ምንጩ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ጋዝ የሚለው ቤንዚንን ነው፤ የስፖንጅ ማጣሪያ በዚህ እንዳይታጠብም ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቤንዚን በቀላሉ ይተናል፣ ተኑም በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ የስፖንጁን መጋጠሚያ የያዘውን ማጣበቂያም ሊያላቅቅ ይችላል። ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ አሳልፎ «በጋዝ አትጠቡ» ሲል ጻፈ። በእኛ አገር ግን ጋዝ ማለት የፋኖሱና የምድጃው ነጭ ጋዝ፣ ላምባ ነው፤ ይህም ብዙ የአምራቾች መመሪያዎች ለዚሁ ሥራ የሚፈቅዱት ፈሳሽ ነው። እንግዲህ መጽሐፉን አምኖ የሚሠራ ሰው የተፈቀደውን ትቶ ከሞተሩ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ቤንዚን ይቀዳል። ክልከላው ተገልብጦ ፈቃድ ሆነ። ተርጓሚው ቃሉን ባያውቀው ኖሮ መዝገበ ቃላት ይገልጥ ነበር፤ የሚያውቀው መስሎት አለፈው።

ቀጥሎ የመሣሪያው ስም ይመጣል። ጋራዦቻችን ከጣልያንኛ የወረሱትን «ፊልትሮ» ይሉታል። ተርጓሚው ይህን ንቆ «የአየር ወንፊት» ብሎ ሰይሟል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ግን ያሳስታል። ወንፊት የሚለየው በዓይኑ ስፋት ነው፤ ከዓይኑ የሚበልጠው ይቀራል፣ የሚያንሰው ያልፋል። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ባሉት ሞተሮች የሚገኘው ማጣሪያ ግን ስፖንጅ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ከትቢያው ይሰፋሉ፣ ትቢያውን የሚይዘውም ስፖንጁ የጠጣው የሚያጣብቅ ዘይት ነው። ወንፊት ነው ተብሎ የተማረ ሰው ዘይቱን እንደ እድፍ ይቆጥረዋል፤ ወንፊት ዘይት ሲነካው ይደፈናልና። ስለዚህ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ደረቁን ይገጥመዋል። ያን ጊዜ የደቀቀው አፈር በካርቡራተሩ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ዘልቆ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

«ማጥለያ» ብንልስ? ማጥለል ከጠላና ከጠጅ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ለፈሳሽ እንተወው። «ማጣሪያ» ከ«ጠራ» የወጣ በመሆኑ፣ ውሃም ሰማይም ስለሚጠራ፣ ለአየር አይጠብም። እርግጥ ነው፣ ሸክሙ በዝቶበታል፤ የነዳጅ ፋብሪካውም የእግር ኳስ ግጥሚያውም ማጣሪያ ይባላሉ። ቢሆንም «አየር ማጣሪያ» ሲባል የሚሳሳት የለም። በመዘርዝረ ቃላቱ ውስጥ ፊልትሮ ከጎኑ ቢሰፍር ደግሞ ነውር አይሆንም፤ መካኒኩ የሚያውቀው እሱን ነው።

ግሶቹም ማስተዋል ይሻሉ። መመሪያው «ጭመቁት» ይላል። ሎሚም ልብስም ይጨመቃል፤ ነገር ግን የታጠበ ልብስ የሚጨመቀው እየተጠመዘዘ ነው፣ ስፖንጁ ሲጠመዘዝ ደግሞ ከመጋጠሚያው ይቀደዳል። «በመዳፋችሁ መካከል ተጫኑት፣ አትጠምዝዙት» ማለት ይበቃ ነበር። «ዘይት ቀቡት» የሚለውም ላዩን ብቻ ይነካል፤ በር ይቀባል፣ ግድግዳ ይቀባል። እዚህ የሚፈለገው ዘይቱ እስከ ውስጥ እንዲሰርግ ስለሆነ «ዘይት አጠጡት» የሚለው ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው «ካጸዳችሁ በኋላ ተኩት» የሚለው ትእዛዝ ነው። የእንግሊዝኛው ግስ የወጣውን ወደ ቦታው መመለስንም በአዲስ መለወጥንም ስለሚናገር፣ ተርጓሚው ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። ሠራተኛው ያጠበውን ጥሎ አዲስ መግዛት ሊኖርበት ነው። አንድ ገጽ አልፎ፣ ስፖንጁ ተቀድዶ በእርግጥ መተካት ባለበት ቦታ፣ «መልሳችሁ ግጠሙት» ይላል።

ምዕራፉ የስፖንጁንና የወረቀቱን ማጣሪያ በአንድ ስም ስለሚጠራም «እጠቡ» ያለው ለሁለቱም ይመስላል። ወረቀቱ አይታጠብም፣ ዘይትም አይጠጣም፤ ይራገፋል፣ ወይም በዝቅተኛ ግፊት ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ወገን ይነፋል፤ ሲያረጅ ይተካል። «የስፖንጅ ማጣሪያ»ና «የወረቀት ማጣሪያ» የሚሉ ሁለት ስሞች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ይህ ሁሉ እስከ ሁለተኛው እትም ሊቆይ ይችል ይሆናል። ስለ ጋዝ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ግን ሊቆይ አይገባውም፤ መጽሐፉ ለታደላቸው ሠራተኞች ሁሉ የእርማት ወረቀት ይላክላቸው።